ይወድቃል ያልኩት ድልድይ

ሚያዝያ 26

ድልድዩን የሚሸከሙት ሁለቱም የብረት ቢሞች ዛሬ ቦታቸው ላይ አረፉ። የመጀመሪያውን ክሬኑ ያለ ችግር አስቀመጠው። ሁለተኛውን ሲያነሳ ግን ገመዱ ተንሸራተተና የቢሙ አንድ ጫፍ ድንጋዩ ላይ ዱብ አለ። ከፍታው ጉልበት አይሞላም። ቢሆንም ሮጬ ሄጄ ብረቱን ዳበስኩት።

ስለሺ ሳቀብኝ። «ብረት ነው እኮ ሸዋሉል፣ እንቁላል አይደለም።»

ስለሺ የኮንትራክተሩ ሥራ አስኪያጅ ነው። እኔ የአማካሪው ድርጅት ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ነኝ። እሱ ይሠራል፣ እኔ አይሆንም እላለሁ፤ ሥራችን ሲጠቃለል ይኸው ነው።

ወንዟ ከጾሬ የስደተኞች መጠለያ አለፍ ብላ ናት። በበጋ ሕፃን ይሻገራታል፣ ክረምት ሲገባ በሬ ትወስዳለች። ከወዲያ ያለውን መንደር ሁሉም «ማዶ» ነው የሚለው። ጤና ጣቢያው ከወዲህ፣ ገበያው ከወዲህ፣ ትምህርት ቤቱም ከወዲህ። ለዚህ ነው ድልድዩ የተፈለገው። ሁለት ረጃጅም የብረት ቢሞች፣ በላያቸው የኮንክሪት ወለል። ሌላ ምንም የለውም።

ቢሞቹን እርስ በርስ የሚያያይዙት መስቀለኛ ማሰሪያዎች ገና አልመጡም። በሌላ መኪና ተጭነዋል ተብሏል።

ሚያዝያ 30

ማሰሪያዎቹን የጫነው መኪና ነቀምት ቆሟል። መንገድ ተዘግቷል። መቼ ይከፈታል? የሚያውቅ የለም።

ግንቦት 4

በሁለተኛው ቢም አናት ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጠርኩ። መሐሉ ላይ ሦስት ጣት ያህል ወደ ጎን ጎብጧል። ያ የወደቀው ነው።

ፎርማኑ ጋሽ ዐብዱልቃድር አጠገቤ ቆመው ሲባጎውን በአንድ ዓይናቸው አዩት። የማዶ ሰው ናቸው፣ የበርታ ብሔረሰብ። አማርኛን በኋላ ነው የለመዱት። እኔን «አንተ» ይሉኛል፤ ማንንም ሴት «አንቺ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

«ክፉ ነው?» አሉኝ።

«ማሰሪያ እስኪገባለት ክፉ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ልጆች ቢሞቹ ላይ ወጥተው ሲሮጡ ደረስኩ። ደሜ ፈላ። ቢንሸራተቱ ድንጋይ ላይ ነው የሚወድቁት። «ውረዱ! ትንሽ ሲነካ ይወድቃል! ይዟችሁ ነው የሚወድቀው!» ብዬ ጮህኩ። ብረቱ የልጆች ክብደት አይሰማውም፤ የፈራሁት መንሸራተታቸውን ነው። ግን ልጅን የሚያስፈራው ቃል አጭሩ ነው። ጋሽ ዐብዱልቃድር በበርትኛ ደገሙላቸው። ልጆቹ ራቅ ብለው ቆመው ብረቱን እንደ እባብ ያዩት ጀመር።

ለሳቸውና ለዘበኛው ለነገራ፣ እኔ እስክፈቅድ ማንም ሰው እንዳይወጣበት ብዬ አስጠነቀቅኩ። ነገራ የመንዲ ልጅ ነው፣ የታዘዘውን አይረሳም። «ማንም አይወጣም ኢንጂነሬ፣ አስተዳዳሪው ራሱ ቢመጣ» አለኝ።

ጥሩ።

ግንቦት 11

የወረዳው አስተዳዳሪ ጠርቶን እሱ ዘንድ ዋልን። ቢሮው ውስጥ የማንጎ ሽታ ነው ያለው፤ አንድ ጆንያ ሙሉ በር ሥር ተቀምጧል።

«ክረምቱ ደጅ ላይ ነው። ሕዝቡ እኔን ነው የሚጠይቀኝ» አለ።

ስለሺ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። «ጣውላው ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል፣ ፌሮው ታስሯል። ኮንክሪቱን በአንድ ቀን እንሞላዋለን። ከደረቀ በኋላ ወለሉ ራሱ ቢሞቹን ይይዛቸዋል። ማሰሪያው ምን ሊያደርግልን ነው?»

ከደረቀ በኋላ ያለው እውነት ነው። ችግሩ እስኪደርቅ ያለው ጊዜ ነው። እርጥብ ኮንክሪት ክብደት እንጂ ሌላ አይደለም፤ ይጫናል፣ አይዝም።

ቃል አልበቃ ሲለኝ ከቦርሳዬ የብረት ማስመሪያ አወጣሁ። አስተዳዳሪውን ሁለቱን ጫፎች በጣቶቹ እንዲይዝልኝ ለመንኩት። ማስመሪያው በቀጭን ጠርዙ ቆመ። መሐሉን በአውራ ጣቴ ወደ ታች ተጫንኩት። አልተሰበረም፣ ወደ ታችም አልጎበጠም። ድንገት መሐሉ ወደ ጎን ሸሸና ተጠማዞ ተኛ። አስተዳዳሪው ደንግጦ ለቀቀው።

«ቢሙም የሚሆነው ይኸው ነው። ከላይ ሲጫኑት ወደ ጎን ይሸሻል። በትምህርቱ ላተራል ቶርሽናል በክሊንግ ይሉታል።» ከዚያ ጫፎቹን ለአስተዳዳሪው መልሼ አስይዤ ስለሺን መሐሉን ግራና ቀኝ በሁለት ጣት ያዝልኝ አልኩት። ተጫንኩት። ንቅንቅ አላለም። «ማሰሪያ ማለት የስለሺ ሁለት ጣቶች ናቸው።»

ስለሺም ሳይወድ ፈገግ አለ። የተሳካልኝ መሰለኝ። አስተዳዳሪው ግን ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ዓይኔን አየኝ።

«አንድ ነገር ንገሪኝ። ይወድቃል ነው፣ ወይስ ሊወድቅ ይችላል ነው?»

ሁለተኛውን ካልኩ ቅዳሜ እንደሚሞሉት አወቅሁ።

«ይወድቃል» አልኩ።

ግንቦት 12፣ ሌሊት

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስሌቱን እንደገና ሠራሁት።

በደንቡ ልክ ሳሰላው ጭነቱ ቢሙ ከሚችለው በአንድ አምስተኛ ይበልጣል። ይወድቃል ማለት ነው። ግን ደንቡ ጠንቃቃ ነው። ጭነቱን ሆን ብሎ ያበዛል፣ የብረቱን አቅም ሆን ብሎ ይቀንሳል። ያንን ጥንቃቄ ሳነሳው ጭነቱ ከአቅሙ በታች ይሆናል። በጥቂቱ በታች። ይቆማል ማለት ነው።

በሌላ በኩል ጉብጠቱ አለ። ሦስት ጣት። ደንቡ ትንሽ ጉብጠት ይታገሳል፣ ይህን ያህል ግን አይታገስም። ያቺ ጥቂት ትርፍ በዚህ ትበላለች? ግማሿ? ሙሉዋ? አላውቅም። አዲስ አበባ ያሉትም ቢሆኑ ከዚህ በላይ አያውቁም።

ለአስተዳዳሪው ማለት የነበረብኝ «አላውቅም፣ ግን ሰው ከሥሩ አላሰልፍም» ነበር። መሐንዲስ እንዲህ ሲል ማን ይሰማዋል? ሴት መሐንዲስ እንዲህ ስትልስ?

ልክ ነኝ። ማስቆሙ ልክ ነው። ልክ ያልሆነችው «ይወድቃል» ያልኳት ቃል ብቻ ናት።

ግንቦት 19

ስለሺ ከዋናው ቢሮው ደብዳቤ አመጣ። ኃላፊነቱን እነሱ ይወስዳሉ፣ ነገ ይሞላሉ። በዚያው ሰዓት የኔ አለቃ ደውሎ ነገ አሶሳ ቢሮ እንድቀርብ አዘዘኝ። መገጣጠሙ እንዳልገባው ሰው ሆኜ «እሺ» አልኩ። ጋሽ ዐብዱልቃድርን ብቻ ጠርቼ «ይሄ ነገር ልክ አይደለም» አልኳቸው።

«አንተ ይወድቃል አለ?»

«ይወድቃል።»

«እሺ» አሉና ሄዱ።

ግንቦት 20

አልተሞላም! ማታ ከአሶሳ ስመለስ ሰማሁ። የሚክሰሩ ቺንጋ፣ ያ የሞተሩ የጎማ ቀበቶ፣ ጠዋት ሲያዩት የለም። ስለሺ ሳይቱን ሲገለብጥ ዋለ። አሶሳ ውስጥ ልኩ አይገኝም። የመጋዘኑ ቁልፍ ጋሽ ዐብዱልቃድር ጋ ነው። ስንት ዓመት በዚህ ሥራ ሲኖሩ ብሎን የጠፋባቸው ሰው አይደሉም።

ግንቦት 27

መንገዱ ለጭነት መኪና ዝግ ቢሆንም ቺንጋ ከነቀምት በሰው መጣ። ዛሬ ደግሞ ናፍጣው ውስጥ ውሃ ተገኘ። ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ዝም። ስለሺ ጋሽ ዐብዱልቃድርን በሰው ፊት ሰደባቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። ዕቃ አያያዛቸው በቅርቡ ለምን እንደተበላሸ አልጠየቅኋቸውም። የማይጠየቅ ነገር አለ።

ልጃቸው ብሪቱ ምሳቸውን ይዛ መጣች። ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች፣ አማርኛዋ ከአባቷ የጠራ ነው። ሆዷ ገፍቷል። ማንጎ ሰጠችኝና ጣውላውን እያየች «እስከ ሐምሌ ይደርሳል? የኔ ሐምሌ ነው» አለችኝ።

«ኢንሻአላህ» አልኳት።

ሰኔ 3

ዝናቡ ያዘው። የመሻገሪያው ውሃ ዛሬ እስከ ሰው ወገብ ደርሷል። ማዶዎች ገመድ ወጥረው ነው የሚሻገሩት።

አንድ ሴትዮ ጨው ተሸክማ ስትሻገር ለጓደኛዋ፣ እንድሰማት ይሁን በአማርኛ፣ ስትናገር ሰማኋት። «ብረቱ ተቀምጧል፣ ጣውላው ተቀምጧል። ሰፋሪዋ ናት አሉ የከለከለችው።»

ሰፋሪዋ። የተወለድኩት ባምባሲ ነው። እናቴ በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ ስትመጣ ጡት ያጎጠጎጠች ልጅ ነበረች። ማታ ደወልኩላትና ስለሴትዮዋ ሳልነግራት ስለ ዝናቡ አወራን። ድምፄን ሰምታ ግን «አብሽሪ ልጄዋ፣ ክረምት ያልፋል» አለችኝ።

ሰኔ 9

ማሰሪያዎቹን እዚሁ እንሠራቸዋለን! ባምባሲ የፈረሰ የውሃ ታንከር ማማ አለ፤ የማዕዘን ብረቶቹ ወፋፍራም ናቸው፣ ዝገታቸውም ከላይ ነው። ቀደም ብዬ እንዴት አላሰብኩትም? አስቤዋለሁ፤ ስለሺ «ግዢው አያልፍም» ሲለኝ ተቀብዬ ተቀመጥኩ። ወር ሙሉ። አሁን ራሱ ስለሺ ነው ያስፈቀደው። ክፉ ሰው አይደለም። ከላይ እሱንም ይጫኑታል።

የቀረው አዲስ አበባ ያለው ቢሮዬ የማሰሪያዎቹን ሥዕል አይቶ እንዲያጸድቅ ነው።

ሰኔ 14፣ አሶሳ

ሥዕሉን ለመላክ መጣሁ። ሳይት ላይ ኢንተርኔት በዝናብ አይሠራም። ልኬ ጨረስኩ። ነገ ጠዋት መልስ እንሰጣለን ብለዋል።

ከምሽቱ ጀምሮ ስለሺ ይደውላል። «ጸደቀ?» ይላል። «ነገ» እላለሁ። ተመልሶ ይደውላል። ሦስት ሌሊት በደንብ አልተኛሁም። ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ ትራሱ ሥር ከተትኩት። ይደውል።

የሆቴሉ መብራት አሁን ሄደ። ሻማ የለም። ልተኛ።

ሰኔ 15

የነገራ ጥሪ ስልኩን ሞልቶታል። አሁን ስደውል አይነሳም። የውሃ ቦቴ ሾፌር ወደ ሳይቱ ይዞኝ ሊሄድ ነው።

ሰኔ 16

ብሪቱን ማክሰኞ ሌሊት ምጥ ያዛት። ገና ወር ይቀራት ነበር።

ነገራ የነገረኝን እጽፋለሁ። ውሃው ሞልቶ ገመዱን ወስዶታል። ስምንት ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመዋት ከማዶ ወደ ድልድዩ ጫፍ መጡ። ጣውላው ፊታቸው ነው። ከወዲህ ጤና ጣቢያው መብራቱ ይታያል። ነገራ ከወዲህ ሆኖ በባትሪ እያበራ «ቆዩ! ኢንጂነሯን ልጠይቅ!» ብሎ ጮኸ። ደወለልኝ። ደጋገመ። ወንዶቹ «እንለፍ» አሉ። አንዱ እግሩን ጣውላው ላይ አሳረፈ።

ያኔ የመለሱት ጋሽ ዐብዱልቃድር ናቸው። የገዛ አባቷ። የሰውየውን ሸሚዝ ይዘው ወደ ኋላ ጎተቱት። ሐዲዱ፣ ብረቱን እንዲህ ነው የሚሉት፣ ይወድቃል፣ መሐንዲሷ ብላለች፣ ልጄንም እናንተንም ይዞ ይሄዳል አሉ። ቃሬዛውን ጭቃው ላይ አሳርፈው ውሃው እስኪጎድል ጠበቁ። ሊነጋጋ ሲል ጎደለ። ደረታቸው ድረስ ገብተው አሻገሯት።

ሕፃኑ ሞቶ ነው የተወለደው። ወንድ ነበር። እሷ ተርፋለች።

ነገራ «ደወልኩ እኮ ኢንጂነሬ» ሲለኝ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«ባትሪዬ አልቆ ነበር» አልኩት። መብራት ጠፍቶ አልነበረም እንዴ? ጠፍቶ ነበር። ሆቴሉ በሙሉ ጨለማ ነበር።

ሰኔ 18

ለቅሶ ደረስኩ። እንደገና በተወጠረው ገመድ ተሻገርኩ። ስለሺም መጣ፣ ሱሪው ጭቃ ሆኖ ከሽማግሌዎቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። ስልኬን ለምን እንዳላነሳሁ ሰው ሁሉ ጠየቀኝ፤ አሶሳ መብራት እንደሌለ፣ ቻርጅ እንዳላደረግሁ አስረዳኋቸው።

ልሄድ ስነሳ ጋሽ ዐብዱልቃድር በሰው መሐል ጠሩኝ።

«እኛ ስምንት ሰው ነበር። ቃሬዛ ነበር። ብንወጣ ይወድቅ ነበር?»

የቀርከሃው አጥር ላይ ዝናቡ ይንጠባጠባል። ሰውየው በአንድ ሳምንት አርጅተዋል።

እርጥቡ ኮንክሪት ሲመዘን የማዶ ሕዝብ በሙሉ ከነከብቱ ትከሻ ለትከሻ ቆሞ ማለት ነው። ስምንት ሰውና አንዲት ነፍሰ ጡር ለዚያ ብረት ወፍ ናቸው። ይህን የማውቀው እዚያ ካለነው ውስጥ ስለሺና እኔ ነን። ስለሺ ምንጣፉን ያያል።

«አዎ፣ ይወድቅ ነበር» አልኩ።

ጋሽ ዐብዱልቃድር ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ልጄ ተርፏል።»

ስንመለስ ስለሺ ገመዱን ይዞልኝ «ምን ልትያቸው ትችያለሽ ታዲያ» አለኝ።

ሰኔ 27

ማሰሪያዎቹ ተበየዱ፣ ገቡ። የጎበጠውን ቢም በጃክ ገፍተን ወደ ልኩ መለስነው። ሲባጎው አሁን ቀጥ ብሏል። ጋሽ ዐብዱልቃድር ከለቅሶው ማግሥት ጀምሮ ሥራ ገብተዋል። ከወትሮው የበለጠ ይታዘዙኛል። ጠዋት በብሪቱ እናት የተሠራ የቀርከሃ ቡቃያ ወጥ በሳህን አመጡልኝ።

«አንተ ስምንት ቤት አድነሃል» አሉኝ።

በላሁት። ምን ላድርግ? ፊቴ ቆመው ነበር።

ሐምሌ 6

ዛሬ ሞላነው። ጠዋት ሰማዩ ትንሽ ሲከፈት ጀመርን፣ ሸራ ወጥረን ጨረስን። ሙሉ ቀን ከሥር ሆኜ ሲባጎውን አየሁ። አልተነቃነቀም። ሚክሰሩ አንድ ጊዜ እንኳ አልቆመም።

ስለሺ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። «አየሽ? አልወደቀም።»

«ታስሮ ነዋ።»

«ባይታሰርም አይወድቅም ነበር። አንቺም ታውቂዋለሽ።» በክፋት አላለውም፤ ደክሞት ነበር።

አላውቅም። አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም። የቆመ ድልድይ ያለ ማሰሪያ ምን ይሆን እንደነበር አይናገርም።

ነሐሴ 4

ጣውላው ተነሣ። ድልድዩ ለመኪና ሁሉ ደርሷል። ስለሺ ፒክአፑን ሦስት ጊዜ አመላለሰበት። ልጅነቱ ተመለሰ።

ከማዶ ግን ማንም አልመጣም። እየዘነበ ነበርና ነው አልኩ።

ነሐሴ 6

ዘንድሮ የሌለ ፀሐይ ወጣ። የገበያ ቀን ነው። ድልድዩ ባዶውን ተኝቷል። ማዶዎች ከሥሩ፣ ሃምሳ እርምጃ ወረድ ብሎ፣ ገመዱን ይዘው ውሃ ለውሃ ይሻገራሉ። ልጅ በትከሻ፣ ጆንያ በራስ። አንዲት ሴት አንሸራተታትና ጀሪካኗን ውሃው ወሰደው። እሷን በጠጉሯ ነው የያዟት።

ሮጬ ወርጄ «በላይ እለፉ! ደርቋል! መኪና ያልፍበታል!» አልኳቸው። አንገታቸውን ነቅንቀው አለፉኝ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ቆሙልኝ።

«ሐዲዱ ሰው ይጥላል። ዐብዱልቃድር ወላሂ ብሎ ነገረን። አንተ ራስህ ነገርከው፣ በለቅሶ ቤት፣ እኔ ነበርኩ።»

በለቅሶው ቤት ነበሩ።

ነሐሴ 7

አስተዳዳሪው ደወለ። ሕዝቡን ሰብስቦ ሊያስተምር ነው፣ እኔም እንድናገር ይፈልጋል። ምን ብዬ? አሁን ነው ጠንካራ የሆነው፣ ያኔ ደካማ ነበር ልበል? ማን ያምነኛል? ደግሞስ ያኔም ለስምንት ሰው ደካማ አልነበረም።

አንዷን ቃል ሥራ ለማስቆም ተናገርኳት። ሌላዋን ሰው ለማጽናናት። ሁለቱም ጊዜ ለበጎ ነበር። ለበጎ ነበር ብዬ ጻፍኩት፣ ሰረዝኩት፣ መልሼ ጻፍኩት። ነገ ሰው ውሃው ቢወስደው ይህን ለማን ልለው ነው?

ነሐሴ 9

ጋሽ ዐብዱልቃድርን ከድልድዩ ሥር አካፋ ሲያጥቡ አገኘኋቸው። ሌሎቹ ምሳ ሄደው ነበር።

«በለቅሶው ቀን የጠየቁኝን ዋሽቼዎታለሁ» አልኳቸው። «ስምንት ሰው አይደለም፣ ሰማንያ ቢወጣበት አይወድቅም ነበር። እኔ የፈራሁት የሲሚንቶውን ክብደት ነው። የሰውን አልነበረም።»

አካፋውን ማጠባቸውን አላቆሙም። ውሃው ቀይ ሆኖ ይወርዳል። እንዳልገባቸው አስቤ ልደግመው አፌን ስከፍት፣

«ሲሚንቶስ?» አሉ። «ያኔ፣ በግንቦት፣ ብንሞላ?»

«አላውቅም ጋሽ ዐብዱልቃድር። ይቆም ይሆናል፣ ይተኛም ይሆናል። ያንን እውነት አላውቅም።»

«አንተ ግን ይወድቃል አልክ።»

«አልኩ።»

«እኔ ያንን ቃል ይዤ ቺንጋ...» ብለው ተዉት። አካፋውን ድንጋዩ ላይ አስደገፉት። ከዚያ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ ነው ሸሚዝ የያዝኩ» አሉ በመጨረሻ። «በዚህ እጅ።»

«እኔን አምነው ነው።»

«አዎ። አምኜ ነው።»

አካፋቸውን ይዘው ተነሡ። «ለሰው አንተ አትናገር። ሰው አንተን አይሰማም አሁን። እኔ እናገራለሁ።»

ነሐሴ 11

ማዶዎች ዛሬ በድልድዩ ተሻገሩ። እንዴት እንደሆነ ልጻፈው።

ሰው የተሰበሰበው በማዶ በኩል ነው፣ ከድልድዩ ጫፍ ላይ። አስተዳዳሪው ሊናገር ሲል ጋሽ ዐብዱልቃድር እጃቸውን አነሡና ቀደሙት። በበርትኛ ነው የተናገሩት። እዚሁ አገር ተወልጄ ከሰላምታና ከገበያ ቃል በላይ አልሰማም። ሐዲድ ሲሉ ሰማሁ፣ ብሪቱ ሲሉ ሰማሁ፣ ወላሂ ሲሉ ሰማሁ። አንድ ቦታ ላይ ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው አሳዩ። ሴቶቹ መሐል ለቅሶ ተሰማ። አንድ ወጣት ተነሥቶ በቁጣ ተናገራቸው፣ እሳቸው ዝም ብለው ሰሙት፣ ራሳቸውን ነቀነቁለት።

ሁሉም ወደኔ ይዞራል ብዬ ጠበቅሁ። አንድም ሰው ወደኔ አልዞረም።

ሲጨርሱ ተራመዱና ድልድዩ ላይ ወጡ። ብቻቸውን፣ ቀስ ብለው፣ እስከ ዳር። ከዚያ ያ የተቆጣው ወጣት ተከተለ። ከዚያ ልጆቹ። ልጆቹ ከወጡ በኋላማ ማን ይቆማል?

ብሪቱ ግን አልተነሣችም። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታያለች። ከሳታለች። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

«አባትሽ ምን አሉ?» አልኳት።

«‹ሐዲዱ ያኔም ጤነኛ ነበር። መሐንዲሷ ሰው አይለፍ አላለችም። ጨለማ ነበር፣ እኔ ፈራሁ፣ የልጄን ልጅ የገደልኩት እኔ ነኝ› አለ።»

ዝም ብል ነገሩ እዚህ ጋ ያልቃል። ድልድዩ ተከፍቷል፣ ሰው ይሻገራል፣ ወሩ ሲያልቅ ወደ ሌላ ሳይት እዛወራለሁ። እሳቸው ራሳቸው ፈቅደው የወሰዱት ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩት፤ አልክድም።

ብሪቱ ቀና ብላ አየችኝ። «እውነቱን ነው?»

«አይደለም» አልኳት። «የከለከልኩት እኔ ነኝ። ይወድቃል ያልኩት እኔ ነኝ፣ ለልጆቹም፣ ለአስተዳዳሪውም፣ ለአባትሽም። በለቅሶሽ ቀንም ዋሸሁ። አባትሽ ያደረጉት እኔን ማመን ብቻ ነው።»

ስለ ብረቱ ያለውን ሁሉ ነገርኳት። ያለማወቄን ጭምር። አላቋረጠችኝም። ከመሐል ድልድዩ የልጆች ጩኸት ይመጣል።

«ሲናገር መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው» አለች ስጨርስ። «አባቴ ውሸት አይሆንለትም።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ትንሽነቱ ተሰማኝ።

ብሪቱ ነጠላዋን አጥብቃ ተነሣች።

«ዛሬ አላደርግልሽም» አለች።

ወደ ድልድዩ ሄደች። መሐሉ ላይ ስትደርስ ቆመች። ሰው በግራና በቀኟ ያልፋል። ቀኝ እግሯን አነሣችና ወለሉን በኃይል ረገጠችው። እንደገና ረገጠችው። ከቆምኩበት ሆኜ የጫማዋ ድምፅ ይሰማኛል። ለሦስተኛ ጊዜ ረገጠችው። ከዚያ ዞር ሳትል ተሻገረች።